አጭር ቁመት ያለው ሰው ሳይ ለምን እንደምሸሽ አላውቅም፤ እባካችሁ እርዱኝ

የጠዋት ጤዛ (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10)

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት አመነታሁ። ለማንም ነግሬው አላውቅም፤ ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም።

27 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ በአንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቁመታቸው በጣም ያጠረ፣ በተለምዶ «ድንክ» የሚባሉ ሰዎችን ሳይ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል። መጸየፍ አይደለም፣ ንቀትም አይደለም። ፍርሃት ነው። ልቤ ይመታል፣ እጄን ያልበኛል፣ ጉሮሮዬ ይደርቃል፣ እግሬ ሳላዘው ወደ ኋላ ይሄዳል። አንድ ቀን መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዲት አጭር ሴት መጥታ ከኋላዬ ስትቆም ተራዬን ጥዬ ወጣሁ። ዝናብ እየዘነበ እስከ ሃያ ሁለት በእግሬ ሄድኩ።

እስካሁን እንደምንም ኖሬያለሁ። አሁን ግን መሥሪያ ቤታችን አንድ አጭር ቁመት ያለው ልጅ ቀጠረ። ከእኔ ሁለት ጠረጴዛ አልፎ ነው የሚቀመጠው። ጨዋ ሰው ነው። ጠዋት ሲገባ «እንደምን አደራችሁ» ይላል፤ ሁሉም ይመልሳል፤ እኔ ኮምፒውተሬ ላይ አቀርቅሬ እቀራለሁ። የሻይ ሰዓቴን ቀይሬያለሁ። ባለፈው ሐሙስ ፋይል ሊሰጠኝ ሲመጣ ብድግ ብዬ መጸዳጃ ቤት ገባሁ። ስመለስ ፋይሉን ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ አስቀምጦት ሄዷል፤ በላዩ ላይ በቁራጭ ወረቀት «ሲመችሽ ፈርሚበት» ብሎ ጽፎልኛል። ያቺን ወረቀት መጣል አልቻልኩም። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እሱ ምን አደረገኝ? ምንም። ይህ ነገር ስም አለው? ይድናል? እንደኔ ያለ ሌላ ሰውስ አለ?

ቀጥተኛው (ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡52)

እህቴ፣ አትቀየሚኝና አጎቴ አጭር ቁመት ያለው ሰው ነበር። መምህር ነበር፤ ግማሹን የሰፈር ልጅ ያስተማረ እሱ ነው። ሰው አይቶት ሲሸሽ ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር እኔ አይቻለሁ። አንቺ ፍርሃት ትይዋለሽ፤ እሱ ጋ ሲደርስ ግን ንቀት ሆኖ ነው የሚደርሰው። የልጁን ሰላምታ በየጠዋቱ ሳትመልሺ ስትቀሪ እሱ ምን እያሰበ ወደ ቤቱ እንደሚገባ አስበሽ ታውቂያለሽ?

የአእምሮ ጤና ነርስ (ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30)

ቀጥተኛው፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን ልጅቷ ራሷን እየከሰሰች ነው የመጣችው፤ ሁለተኛ ክስ አያስፈልጋትም።

የጠዋት ጤዛ፣ እኔ በአእምሮ ጤና ክፍል 11 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ያላየሁትን ሰው አልመረምርም። የገለጽሽው ነገር ግን በሙያችን የታወቀ ነው። ፎቢያ ይባላል። አንዱ መርፌ ይፈራል፣ አንዱ ውሻ፣ አንዱ ሊፍት፣ አንዱ ነጎድጓድ። የሚፈሩት ነገር ሰው ሲሆን ከባድ የሚያደርገው ያ ሰው መፈራቱን ስለሚያውቅ ነው። ኢንተርኔት ላይ «አኮንድሮፕላሲፎቢያ» የሚል ረጅም ስም ታገኚ ይሆናል። በምርመራ መጽሐፎቻችን ለብቻው የተጻፈ በሽታ አይደለም፤ ከሌሎቹ ፎቢያዎች ጋር በአንድ ርዕስ ሥር ነው የሚታየው። ፍርሃቱ 6 ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ከእውነተኛው አደጋ ጋር ካልተመጣጠነ፣ ሥራሽንና ኑሮሽን ካወከ ሕክምና ይገባዋል። ብቻሽን እንዳልሆንሽ እንድታውቂ ያህል፦ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዓመት ከ100 ሰው ከ7 እስከ 9 የሚሆነው አንድ ዓይነት ፎቢያ ይኖርበታል። ብዙውም የሚጀምረው በልጅነት ነው።

ለምን እንደምሸሽ አላውቅም ላልሽው፣ እኔ ብዙ ጊዜ የማየው እንዲህ ነው። ትንሽ ልጅ ዓለምን በቁመት ይከፍላል፤ አጭር ከሆነ ልጅ ነው፣ ረጅም ከሆነ ትልቅ ሰው ነው። ጢም ያለው፣ ድምፁ የጎረነነ፣ ቁመቱ ግን ከራሱ ጋር እኩል የሆነ ሰው ሲያይ ግራ ይገባዋል። ቀጥሎ የሚሆነውን የሚወስነው እጁን የያዘው ትልቅ ሰው ነው። «እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቁመታቸው ብቻ ነው ያጠረው፤ በል ሰላም በላቸው» ቢባል በዚያው ያበቃል። እጁን ጎትተው «አትይ! ዝም በል!» ሲሉት ግን አደጋ እንዳለ ይማራል። አንዳንድ ቤት ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ «ካልተኛህ እሱ ይወስድሃል» ይባላል። በጅብ ማስፈራራት አንድ ነገር ነው፤ ጅቡ ጠዋት ሱቅ ሄዶ ዳቦ አይገዛም። ሰፈር ውስጥ በሚኖር ሰው ስም ልጅ ማስፈራራት ግን ልጁንም ሰውየውንም መበደል ነው።

ፍርሃቱን እስከ 27 ዓመት ያቆየው ግን ሽሽቱ ነው። በሸሸሽ ቁጥር ልብሽ ይረጋጋል። አእምሮሽም «ያዳነኝ መሸሼ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ምንም እንደማይሆን የሚያይበት ዕድል አልሰጠሽውም።

የሚድነውም በዚሁ መንገድ ተመልሶ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጥንቸል የሚፈራ አንድ ሕፃን እንዴት እንደረዳች ጽፋለች። ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን መጀመሪያ ከሩቅ አሳየችው፤ ከዚያ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት አቀረበችው። በመጨረሻ በእጁ ይዳብሳት ጀመር። (ሰውን ከጥንቸል ጋር ማስተያየቴ አይደለም፤ የማወራው ስለ ፈሪው አእምሮ ነው።) ዛሬም የፎቢያ ዋናው ሕክምና ይኸው ቀስ በቀስ መለማመድ ነው፤ መድኃኒት አይደለም። በተለይ ማረጋጊያ ኪኒን ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳትጀምሪ አደራ።

አማኑኤል ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል አለ። ስሙን ሰምተሽ አትደንግጪ፤ እዚያ የሚሄደው ሰው ሁሉ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ሳይኮሎጂስት ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎችና ክሊኒኮችም አሉ።

ወለተ ማርያም (ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡15)

እህቴ ይህ መንፈስ ነው። ሰውነት የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነው። ጸበል ግቢ፣ ሰባት ቀን ተጠመቂ፣ ይለቅሻል።

አባ መላ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡05)

ልጄ፣ ጸበሉን አልቃወምም፤ እኔም ጸበል የምሄድ ሰው ነኝ። ነገር ግን ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው፤ ሁለቱን አታጣሉ። ፍርሃት ሁሉ መንፈስ ነው ከተባለ ደግሞ ነገ «የተፈራውስ ሰው ምን አለበት?» ወደሚል ክፉ ጥያቄ እንሄዳለን። ስንቱ ምስኪን በዚህ ተጎድቷል።

ጥቅምት 20 ቀን ስንክሳር ሲነበብ ሰምታችሁ ከሆነ የአባ ዮሐንስ ሐፂር ዕረፍት የሚታሰብበት ቀን ነው። ሐፂር በግዕዝ አጭር ማለት ነው። በግብፅ በረሃ በአስቄጥስ የኖረ ታላቅ አባት ነው። መምህሩ ደረቅ እንጨት ተክሎ «ይህን አጠጣ» አለው። ውኃው ሩቅ ነበር። ለምን ሳይል ሦስት ዓመት አጠጣ፤ እንጨቱም አቆጠቆጠ፣ አፈራ። መምህሩ ፍሬውን ይዞ ለአባቶች «የታዛዥነትን ፍሬ ብሉ» አላቸው። ቤተ ክርስቲያን ስሙን ስትጠራ «አጭሩ» ማለቷ ለማሳነስ አይደለም። እኛ ግን ያንኑ ቃል መንገድ ላይ ስናወጣው ስድብ አደረግነው።

የደሴ ልጅ (ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 7፡20)

ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ከፈትኩት፤ ሁለት ጊዜ ዘግቼው ወጣሁ።

44 ዓመቴ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ24 ነው። ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ።

እህቴ፣ እናውቃለን። ሰው ሲፈራን እናውቃለን። የሚስቅብኝን እመልስለታለሁ፤ አፌም አያንስም። ተደብቆ ፎቶ የሚያነሳኝን ስልኩን አስከፍቼ አስጠፋዋለሁ። የሚፈራኝን ሰው ግን ምን ልበለው? «አትፍራኝ» ብዬ ብጠጋው ይብስበታል። ዝም ብዬ ባልፍ ልክ ነበርኩ ብሎ ይሄዳል። ከስድብ ሁሉ እሱ ይከብደኛል፤ መልስ የለውማ።

ከቤቴ ወደ ሥራዬ ስሄድ መንገድ ላይ አንድ ትምህርት ቤት አለ። ልጆች በሚገቡበትና በሚለቀቁበት ሰዓት በዚያ በኩል አላልፍም። ገሚሱ ይከተለኛል፣ ገሚሱ እየጮኸ ይሸሻል። በሌላ በኩል ስዞር 15 ደቂቃ ይጨምርብኛል። 20 ዓመት ሙሉ ዞሬያለሁ። አስሊው፤ ሒሳብ ክፍል ነሽ አይደል።

ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። እንዲያውም ያቺን ወረቀት አለመጣልሽን ሳነብ ነው ለመጻፍ የወሰንኩት። አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ልጁን የልምምድሽ መሣሪያ አታድርጊው። ነርሷ ያለችው ቀስ በቀስ መቅረብ ጥሩ ነው፤ በፎቶ ጀምሪ፣ በቪዲዮ ጀምሪ፣ ከሐኪም ጋር ጀምሪ። እሱ ግን ሥራ ሊሠራ ነው የመጣው። ታሪክሽን ሁሉ ዘርግፈሽ ይቅር እንዲልሽ አትጠይቂው። ያኔ ፍርሃትሽን ለሁለት ተሸከሙት ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ የራሱ ሸክም አለው። ሰላምታውን መልሺ። ሲመችሽ።

ስለ ስያሜውም፦ «ድንክ» ለአልጋ ነው የሚባለው። ድንክ አልጋ አለ፤ ድንክ ሰው ግን አልወድም። ስሜን የሚያውቅ በስሜ ይጥራኝ። ስሜን የማያውቅ «አጭር ሰውዬ» ቢለኝ አልቀየምም፤ አጭር ነኝና። ሌላው የራሱ ምርጫ አለው፤ ጠይቁት።

ቀጥተኛው (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡40)

የደሴው ወንድሜ፣ አጎቴን በአንተ አየሁት። እህቴ፣ ከትናንት ወዲያ የጻፍኩት ከብዶሽ ከሆነ ይቅርታ። የጠየቅኩሽን ግን አሁንም እጠይቅሻለሁ።

እናት ነኝ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡00)

የ7 ዓመት ልጄ አኮንድሮፕላዢያ አለበት። እንዲህ በጣም ያጠረ ቁመት ከሚያስከትሉት ብዙ ምክንያቶች በጣም የተለመደው እሱ ነው። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ፣ አጥንት እንዳይረዝም እንደ ፍሬን የሚይዝ አንድ ጂን አለ፤ እሱ ላይ ትንሽ ለውጥ ሲመጣ ፍሬኑ ሳይለቅ ይቀራል አለኝ። የእጅና የእግር አጥንት ያጥራል፤ አእምሮ ላይ ምንም ችግር የለም። ጂኑ የታወቀው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። እንዲህ ሆነው ከሚወለዱ 10 ልጆች የ8ቱ ወላጆች እንደኔና እንደ ባለቤቴ መካከለኛ ቁመት ያላቸው ናቸው። ማንም ቤት ሊወለድ ይችላል። ማንም ቤት።

ይህን ሳላውቅ በፊት ግን ያየሁትን አልረሳም። አራስ ቤት ሳለሁ አንዲት ጎረቤቴ ገንፎ ይዛ መጣችና ልጄን አይታ «በእርግዝናሽ ምን አይተሽ ነው?» አለችኝ። ነፍሰ ጡር አጭር ሰው ካየች ልጇ እንደዚያ ይሆናል ብላ የምታምን ሴት ነበረች። ብዙ ሌሊት «ማንን አይቼ ይሆን?» እያልኩ አሰላሁ። እስቲ አስቡት፤ በየመንደሩ ነፍሰ ጡሮች ከእነዚህ ሰዎች ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ ያንን ያየች ሕፃን ምን ትማራለች? የጠዋት ጤዛ፣ ፍርሃትሽ ካንቺ አልጀመረም።

ሌላው የከበደኝ ማዘል መከልከሌ ነው። ወገቡ እስኪጠነክር ድረስ ጎብጦ እንዳይቀመጥ፣ ጀርባዬም ላይ እንዳላዝለው ተነገረኝ። እናቴ ሰምታ አለቀሰች፤ «ልጅ ሳይታዘል እንዴት ያድጋል?» አለች። ደረቴ ላይ ጀርባውን በእጄ ደግፌ እያቀፍኩ አሳደግኩት፤ ክንዴ ዝሎ እስኪቀር። ጆሮው ቶሎ ቶሎ ያመረቅዝ ነበር፤ ሲያንኮራፋ ትንፋሹ እንዳይቆም ሌሊት ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር። አሁን ደኅና ነው። ሒሳብ ይወዳል፣ ኳስ ይወዳል፣ ግብ ጠባቂ ልሁን ይላል።

አንድ ነገር ልንገርሽ እህቴ። ልጄ መንገድ ላይ ሕፃን አይቶት ሲያለቅስ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? «እማዬ፣ እኔን ነው?» ይላል። በቃ ሦስት ቃል። እኔ ደግሞ «አይ የኔ ጌታ፣ እንቅልፉ መጥቶበት ነው» እላለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ እያልኩ እንደምዘልቅ አላውቅም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12፡10)

እንደኔ ያለ አለ ወይ ላልሽው፣ አለሁ። እኔም ወንድ ሆኜ ይህንን ለማንም ሳልናገር እስከ 35 ዓመቴ ኖሬያለሁ።

የኔ የጀመረው አዳማ ነው፤ ቪዲዮ ቤት ውስጥ። የ8 ዓመት ልጅ ሆኜ ከትልልቅ ልጆች ጋር አጮልቄ ያየሁት አንድ የሚያስፈራ ፊልም ላይ ገዳዩ አጭር ሰው ነበር። ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ መጥቼ ልጄን ትምህርት ቤት ላደርስ ስገባ በር ላይ የቆመችው ምክትል ርዕሰ መምህርት አጭር ቁመት ያላት ሴት ሆና አገኘኋት። ልጄን በሩ ላይ ጥዬ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። ያን ቀን ነው ሐኪም ጋ የደወልኩት።

ሕክምናው 9 ቀጠሮ ነበር። ፍርሃቴን ከ0 እስከ 100 እንድሰጠው ተደረገ፤ ከዚያ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እንደ መሰላል ደረጃ አወጣን። የመጀመሪያው ፎቶ ማየት፤ ፎቶው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሆኖ 55 ሰጠሁት። ቀጥሎ ድምፅ የሌለው ቪዲዮ፣ ከዚያ ድምፅ ያለው። አንዲት አጭር እናት ወጥ ቤቷ ውስጥ ምግብ ስትሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ ነበር። 20 ጊዜ ሳላየው አልቀርም። በስድስተኛው ጊዜ ግድም ከሴትየዋ ይልቅ የሽንኩርት አከታተፏን እያየሁ ራሴን አገኘሁት። ቁጥሩ ወርዶ 20 ሆኗል። ዋናው ደንብ፣ ቁጥሩ ሳይወርድ አትነሺም ነው።

ከሁሉ የጠቀመኝን ልንገርሽ። እኔ መንገድ ላይ አጭር ሰው ሳይ ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የማወራ እመስል ነበር። «እኔ አልሸሽም፣ ቆሜ አልፋለሁ» ብዬ ለባለሙያዋ በኩራት ነገርኳት። እሷም «ስልኩም ሽሽት ነው፤ በእግርህ ቆመህ በስልክህ ትሸሻለህ» አለችኝ። አንቺስ ኮምፒውተሩ ላይ ስታቀረቅሪ?

በነገራችን ላይ እዚህ አጭር ቁመት ያላቸው ሰዎች ከ1957 ጀምሮ የራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ የጀመረው ቢሊ ባርቲ የሚባል ተዋናይ ነው። ልደቱ ኦክቶበር 25 ስለ አጭር ቁመት ግንዛቤ የሚሰጥበት ቀን ሆኗል። እኔም ባለፈው ዓመት ከልጄ ጋር በዚያ ቀን ትምህርት ቤቱ ሄጄ ምክትል ርዕሰ መምህርቷን በእጄ ጨብጫለሁ። እጄን አልቦኝ ነበር። ግን ጨበጥኩ።

የጠዋት ጤዛ (ከ17 ቀን በኋላ፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡30)

ሁላችሁንም አንድ በአንድ አንብቤያችኋለሁ። ጋሼ፣ የእርስዎን ደጋግሜ። 15 ደቂቃውን አሰላሁት፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ 20 ዓመት። ቁጥሩን እዚህ መጻፍ አልቻልኩም።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴን ጠየቅኳት። መጀመሪያ «ምን አስታወሰሽ?» አለችኝ፤ ከዚያ ቡናውን እያፈላች ነገረችኝ። ሰፈራችን ውስጥ ሰዓት የሚጠግኑ አንድ አጭር ሰው ነበሩ። ታሳድገኝ የነበረችው ሠራተኛችን ምግብ አልበላም ስል «ሰዓት ሠሪው ይወስድሻል» ትለኝ ነበር አሉ። በእኛ በር ሲያልፉ ከሩቅ አይቼ እየጮህኩ አልጋ ሥር እገባ ነበር። እኔ የማስታውሰው እንዳባረሩኝ ነው። ሕልሜም ውስጥ ሁልጊዜ ያባርሩኛል። እናቴ «ኧረ ልጄ፣ ማን አባረረሽ? ሰውየው ጩኸትሽን ሲሰሙ በእኛ በር ማለፍ ተዉ እኮ። በወንዙ በኩል ዞረው ነበር ወደ ሱቃቸው የሚሄዱት። የአባትሽን ሰዓት ልወስድ ስሄድ ‹ልጅቷ ደኅና ናት?› ይሉኝ ነበር» አለችኝ።

በወንዙ በኩል። ክረምት ያ መንገድ ጭቃ ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ።

ሐኪም ጋ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ፎቶ ላይ ነን፤ 70 ብዬ ጀምሬ 40 ደርሻለሁ። ዓርብ ጠዋት ባልደረባዬ ሲገባ ቀና ብዬ ጠበቅኩት። «እንደምን አደራችሁ» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደርክ» አልኩ። ድምፄ ተሰብሮ ነው የወጣው። ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። እሱ «ደኅና» ብሎ አልፎ ወንበሩን ሳበና ኮምፒውተሩን ከፈተ። ሌላ ምንም አላለም። ፋይሉን ፈርሜ እኔው ራሴ ወሰድኩለት፤ ጠርዙ ላይ ሳይሆን በእጁ።

የደሴ ልጅ (እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡05)

እግዜር ይስጥሽ። ሰዓት ሠሪው በሕይወት አሉ?

የጠዋት ጤዛ (እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡20)

እናቴ አታውቅም ጋሼ። ሱቃቸው የነበረበት ቦታ ፈርሶ አሁን አስፋልት ነው። የድሮ ጎረቤቶቻችን ወዴት እንደተዛወሩ እያጠያየቅኩ ነው።